ፌስታሉ ድንበር ይሻገራል፣ ሕጉስ? ስለ ዑደታዊ ኢኮኖሚና ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ትብብር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህ ጉዳይ ባወራሁ ቁጥር እነዚሁ ጥያቄዎች ይመለሳሉ። አንዳንዶቹን ተማሪዎች ይጠይቃሉ፣ አንዳንዶቹን ነጋዴዎች። አንዷን እናቴ ናት የጠየቀችኝ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዑደታዊ ኢኮኖሚ ማለት በቀላል አማርኛ ምንድን ነው?

ይቺ የእናቴ ጥያቄ ናት። «ሰርኩላር ኢኮኖሚ» ሲባል በሬዲዮ ሰምታ ነው። ስነግራት «ታዲያ ቆራሌው ይሄንኑ አይደል የሚሠራው?» አለችኝ። ልክ ናት።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ትርጉሙን ከመጽሐፍ በፊት ከመንገድ ሰምቶታል። ቆራሌ የሚለው ስም ራሱ «ቆርቆሮ ያለው!» ከሚለው ጥሪ የመጣ ነው ይባላል። ቆራሌው ከየቤቱ የገዛውን በማዳበሪያ ተሸክሞ መርካቶ ያደርሳል። ምናለሽ ተራ ሲደርስ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል። የመኪናው ጎማ በረባሶ ይሆናል። ልዋጮችም አሉ፤ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብለው ባልዲ ወይም ሳህን ይሰጣሉ። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስማ ማስያዣ ተከፍሎበት ከነሳጥኑ ሲመላለስ ነው የሚኖረው።

ነገሩ ይኸው ነው። ዕቃው ዕድሜው ይረዝማል። ሲሰበር ይጠገናል። ጨርሶ ሲያልቅለት ደግሞ ጥሬ ዕቃ ሆኖ ይመለሳል። ታዲያ ምን አዲስ ነገር ኖሮ ነው ይህ ሁሉ ወሬ? ዕቃው ራሱ ተለውጧል። ምናለሽ ተራ ብረትና ጎማ ያውቃል። የስልክ ሰሌዳ (ሰርኪዩት ቦርድ)፣ የሶላር ባትሪ፣ ፕላስቲክና አሉሚኒየም ተደርቦ የተሠራ የብስኩት መጠቅለያ ግን በመዶሻና በመቀስ አይፈታም።

ታዲያ ሪሳይክል ማድረግ ከሚባለው በምን ይለያል?

ሪሳይክል የመጨረሻው ደረጃ ነው። ከሱ በፊት አለመጣል አለ፣ መጠገን አለ፣ ለሌላ ሰው ማሳለፍ አለ። ወንበር ሲሰበር እግሩን መቀየር እንጨቱን ፈጭቶ ሌላ ነገር ከመሥራት በብዙ ይረክሳል። ብዙ ፕሮጀክቶች ግን በቀጥታ ወደ መፍጫ ማሽን ይሮጣሉ። ማሽን ሪባን ይቆረጥለታል፤ ለጠጋኝ ማን ሪባን ይቆርጣል?

ለምን ቀጣናዊ ትብብር? እያንዳንዱ አገር በራሱ ቢሠራውስ?

ሁለት ምክንያት አለ። አንዱ ሕግ ነው፣ ሌላው ብዛት።

ከሕጉ እንጀምር። ሩዋንዳ ፌስታልን የከለከለችው በ2008 ነው። እስከ ዛሬ ኪጋሊ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፌስታላችሁን ሊወስዱባችሁ ይችላሉ። ጎረቤቶቿ ግን ያኔ እንደልባቸው ያመርቱ ነበር። ስለዚህ ፌስታል ኮንትሮባንድ ሆነ። ሰዎች ልብሳቸው ሥር ሸጉጠው ድንበር ያሻግሩት ጀመር። አስቡት፣ እኛ ሽንኩርት ቋጥረን የምንወረውረውን ፌስታል!

ኬንያ በኦገስት 2017 ከለከለች። ቅጣቱ ቀልድ አልነበረም፤ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ 4 ዓመት እስር። ታንዛኒያ በጁን 2019 ተከተለች። ኡጋንዳ ከ2009 ጀምሮ ደጋግማ ሞክራለች፣ ገበያው ግን አልሰማትም። ውጤቱ ግልጽ ነው። ናይሮቢ ውስጥ ፌስታል የሚያመርት ፋብሪካ ተዘግቶም ፌስታሉ በድንበር በኩል ይገባል። የራሷን ፋብሪካ የዘጋች አገር ለጎረቤቷ ፋብሪካ ገበያ ከፈተች ማለት ነው። አራቱ አገሮች በአንድ ቀን ቢከለክሉ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ታንዛኒያ፣ አሩሻ ያለው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የጋራ ረቂቅ ይዞ ተከራክሮበታል። አገሮቹ ግን እሱን ሳይጠብቁ በየራሳቸው ሄዱ።

ሁለተኛው የብዛት ጉዳይ ነው። የስልክና የኮምፒውተር ሰሌዳ ውስጥ ወርቅ፣ መዳብና ፓላዲየም አለ። ይህን አጣርቶ የሚያወጣ ዘመናዊ ማቅለጫ በጣም ውድ ነው። በየቀኑ ብዙ ቶን ካልገባለት ይከስራል። አንድ የምሥራቅ አፍሪካ አገር ለብቻው ያን ያህል ሰሌዳ አይሰበስብም። ስለዚህ እዚህ ተፈትቶ የተለየው ሰሌዳ በኮንቴይነር ተጭኖ እንደ ቤልጂየምና ጃፓን ወዳሉ አገሮች ይሄዳል። አምስት ስድስት አገር ቢያዋጣ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ቢያንስ ቢያንስ በጋራ ሰብስቦ የተሻለ ዋጋ መደራደር ይቻላል።

ኢትዮጵያ በፌስታል ጉዳይ የት ደረሰች?

በ2007 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ስስ የሆነውን፣ ማለትም እስከ 0.03 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ፌስታል ከልክሎ ነበር። ልብ በሉ፣ ከሩዋንዳ በፊት ነው። ግን ሱቅ ሄዳችሁ የፌስታልን ውፍረት በሚሊሜትር የሚለካ ተቆጣጣሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። በአንድ ቁጥር ላይ የተንጠለጠለ ክልከላ ጉሊት ላይ አይሠራም። ሩዋንዳ «ፌስታል የለም» አለች፤ ይህን ማንም ፖሊስ በዓይኑ አይቶ ያውቀዋል።

በ2025 ምክር ቤቱ አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ይህኛው ፌስታልን በጠቅላላ የሚከለክል ነው። ዘንቢል ይመለሳል ማለት ነው። አሁን ዋናው ጥያቄ ድንበሩ ነው። በሞያሌ በኩል ኬንያ ቀድማ ከልክላለች፤ በዚያ በኩል ሁለቱ ሕጎች ተገናኝተዋል። በሌሎቹ ድንበሮች ግን የሩዋንዳ ታሪክ እንዳይደገም የጉምሩክ ሰዎች ተነጋግረው ቢጀምሩ ይሻላል።

ይህን ትብብር የሚመራው ማን ነው?

ብዙ ናቸው። ምናልባት ከሚገባው በላይ።

የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አለ፤ ዛሬ ስምንት አባላት አሉት፣ ኢትዮጵያ ግን የለችበትም። እኛ ያለነው ኢጋድ ውስጥና ኮሜሳ በሚባለው የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ ውስጥ ነው። ይህ ተራ የቢሮክራሲ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ግን ናይሮቢና ኪጋሊ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚስማሙበት ደረጃ አዲስ አበባን አይመለከትም ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ የአፍሪካ ዑደታዊ ኢኮኖሚ ጥምረት አለ። ሐሳቡ በ2016 ኪጋሊ ላይ ተነሣ። ሩዋንዳ፣ ናይጄሪያና ደቡብ አፍሪካ ይዘውት በ2017 ቦን ላይ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ በይፋ ጀመሩት። ጽሕፈት ቤቱ የአፍሪካ ልማት ባንክ ዘንድ ነው። የአህጉሩ የአካባቢ ሚኒስትሮችም በ2019 ደርባን ላይ ዑደታዊ ኢኮኖሚን እንደሚደግፉ ተስማምተዋል። የዓለም የዑደታዊ ኢኮኖሚ ጉባኤ በዲሴምበር 2022 ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ መጣ፤ አስተናጋጇ አሁንም ኪጋሊ። የአፍሪካ ኅብረትም ከ2024 እስከ 2034 የሚዘልቅ የድርጊት መርሐ ግብር አለው።

በአጭሩ ስብሰባ አልጠፋም። አንድ ጊዜ ስለ ፕላስቲክ ቆሻሻ የተጠራ ዐውደ ጥናት ላይ ተገኝቼ በየወንበሩ ፊት ሁለት ሁለት የፕላስቲክ ውሃ ተደርድሮ አይቻለሁ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ተቀመጥኩ። ውሃውንም ጠጣሁት።

የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻስ? ከአገር አገር ማዛወር ክልክል አይደለም እንዴ?

ክልክል የሆነውን ከተፈቀደው መለየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

በ1988 ናይጄሪያ ውስጥ ኮኮ በምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ከጣሊያን የመጣ መርዛማ ቆሻሻ ተገኘ። አፍሪካ ተቆጣች። በማግሥቱ ዓመት አደገኛ ቆሻሻን ከአገር አገር ማዛወርን የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት ተፈረመ። አፍሪካውያኑ ግን «ይህ ይላላል» ብለው በ1991 ባማኮ ላይ የራሳቸውን ጻፉ። የባማኮው ስምምነት ከአፍሪካ ውጭ የመጣ አደገኛ ቆሻሻ ማስገባትን ይከለክላል። በአፍሪካ አገሮች መካከል ግን በፈቃድና በወረቀት ማዛወርን በር አልዘጋበትም። ለትብብር የሚሆነው ቀዳዳ እሱ ነው።

ወረቀቱ ግን አለላችሁ! ከጃኑዋሪ 2025 ጀምሮ በባዝል ስምምነት መሠረት የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሁሉ፣ አደገኛ ተባለም አልተባለም፣ ከመላኩ በፊት የተቀባዩ አገር ስምምነት ያስፈልገዋል። የሚያልፍበት አገርም እንዲሁ። ኢትዮጵያ ወደብ የላትም። ስለዚህ አንድ ኮንቴይነር ሰሌዳ ለመላክ የአዲስ አበባ፣ የጅቡቲና የተቀባዩ አገር ባለሥልጣናት ሦስቱም ማለፊያ መስጠት አለባቸው። ሕጉ የወጣው ሀብታም አገሮች ጥራጊያቸውን እንዳይጥሉብን ነው፤ ዓላማውን እደግፋለሁ። ግን በሐቅ ሊያጣራ የሚፈልገውን ትንሽ ድርጅትም ያንኑ ያህል ያስጠብቀዋል። የቀጣናው አገሮች አንድ ዓይነት ቅጽ፣ አንድ ዓይነት የጊዜ ገደብና የተፈተሹ ማጣሪያዎች የጋራ መዝገብ ቢኖራቸው ግማሹ ጣጣ ይቀላል።

የሚገርመው በዚህ ጉዳይ ቀድመው የተባበሩት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች አይደሉም። የቴሌኮም ተቆጣጣሪዎቹ ናቸው። የምሥራቅ አፍሪካ የኮሙኒኬሽን ድርጅት የሚባለው ኅብረታቸው ቀጣናዊ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ስትራቴጂ አውጥቷል። ስልኩን ወደ አገር የሚያስገባውን ነጋዴ የሚያውቁት እነሱ ስለሆኑ ይሆናል። ሩዋንዳ ቡጌሴራ ላይ ትልቅ የመፍቻ ጣቢያ ሠርታለች። ኢትዮጵያም በ2018 ስለ ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለብቻው ደንብ አውጥታለች። ቢሆንም በ2022 አፍሪካ ውስጥ ከተፈጠረው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በወግ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ከ1 በመቶ በታች ነው። የቀረው ሁሉ ግን ተጥሏል ማለት አይደለም። ጥቂቱ መሳቢያችሁ ውስጥ ሊኖር ይችላል። እስቲ ክፈቱት።

ሳልቫጅ ልብስ የዑደቱ አካል ነው ወይስ ጠላቱ?

በዚህ ላይ ሰው ይጣላል። እኔ ሁለቱንም ነው እላለሁ።

የተለበሰ ልብስ ደግሞ መልበስ ከሪሳይክል ይበልጣል፤ ይህ አያከራክርም። ግን ናይሮቢ ጊኮምባ ገበያ ላይ የሚፈታው የሚቱምባ (ኬንያውያን ሳልቫጅን የሚሉት ነው) ቦንዳ ውስጥ ሁሉም የሚለበስ አይደለም። የማይሸጠው ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል። ስለዚህ ልብሱን የለገሰው አውሮፓዊ «ዑደቱን ጠበቅሁ» ይላል፤ ዑደቱ ግን ዳንዶራ ቆሻሻ ክምር ላይ ይበጠሳል።

ለትብብር ትልቅ ትምህርት የሚሆነው የ2016ቱ ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ መሪዎች ሳልቫጅን ደረጃ በደረጃ አስቀርተው በ2019 ሊያቆሙት ተስማሙ። ዓላማቸው የራሳቸውን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማስነሣት ነበር። ሩዋንዳ ቀረጡን በኪሎ ከ20 ሳንቲም ወደ 2 ዶላር ተኩል ሰቀለችው። በ2017 የአሜሪካ የተለበሱ ዕቃዎች ነጋዴዎች ማኅበር ለመንግሥቱ አቤት አለ። አሜሪካም የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ ወደ ገበያዋ የሚገባበትን አጎዋን እነጥቃችኋለሁ ብላ አስፈራራች። ኬንያ ወዲያው አፈገፈገች፤ አጎዋ ላይ የተንጠለጠለ ብዙ የልብስ ስፌት ሥራ ነበራት። ታንዛኒያና ኡጋንዳም ተከተሉ። ሩዋንዳ ብቻዋን ቆመች። በጁላይ 2018 የሩዋንዳ አልባሳት ከአጎዋ ጥቅም ታገዱ።

ብዙዎች ይህን የሩዋንዳ ድፍረት ታሪክ አድርገው ያወሩታል። እኔ የማየው ሌላ ነው። አገሮቹ አንድ ውሳኔ አብረው አሳለፉ፤ ጉዳቱን ግን አብረው አልተካፈሉም። ኬንያ የምታጣውን ማን ይክሳታል የሚለው አስቀድሞ አልተነጋገሩበትም። ስምምነቱ የፈረሰው እዚያ ላይ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሳልቫጅን ለንግድ ማስገባት ክልክል ነው። ክልክል ነው እያልን ሁላችንም የት እንደሚሸጥ እናውቃለን።

ሪሳይክል ሁልጊዜ ንጹሕ ነው?

አይደለም። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል፤ ብዙዎች አይጠይቁም።

ሞምባሳ አጠገብ ኦዊኖ ኡሁሩ የሚባል የድሆች ሰፈር አለ። እዚያ ያረጀ የመኪና ባትሪ አቅልጦ እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት የሚያወጣ ፋብሪካ ነበር። በወረቀት ላይ ከዚህ የበለጠ ዑደታዊ ሥራ የለም። እርሳስ ስንት ጊዜ ቢቀልጥ ጥራቱን አያጣም፣ ገበያም አለው። ፋብሪካው ግን ከሰው ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነበር። ጭሱ በጣሪያ ላይ አረፈ፣ ፍሳሹ በሰፈሩ መሀል ወረደ። እዚያው ትሠራ የነበረች ፊሊስ ኦሚዶ የምትባል እናት ልጇ ታመመባት። ምርመራው እርሳስ ሆኖ ተገኘ፤ ከጡቷ ወተት ጋር እየጠባው ነበር። ሥራውን ትታ ተነሣች። ታሰረች፣ ጥቃት ደረሰባት፣ አልተወችም። ፋብሪካው በ2014 ተዘጋ። በ2015 የጎልድማን የአካባቢ ሽልማት ተሰጣት። በ2020 ፍርድ ቤት ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን ሽልንግ ካሳ ፈረደ። መንግሥት ይግባኝ ብሎ ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲንከራተት ቆይቷል።

ይህ ከቀጣናዊ ትብብር ጋር ምን አገናኘው? ባትሪ ከባድ ዕቃ ነው ግን ይጓዛል። አንዱ አገር ቁጥጥር ሲያጠብቅ ባትሪው ቁጥጥር ወደላላበት ይፈስሳል። አንዱ ሰፈር ሲድን ሌላው ይመረዛል። ስለዚህ የጭስ ማጣሪያና የሠራተኛ የደም ምርመራ መለኪያው በሁሉም አገር አንድ መሆን አለበት። በየገጠሩ የሶላር መብራት፣ በየከተማው ባጃጅ በበዛበት ጊዜ የባትሪው ጉዳይ ከፌስታል በላይ ሊያሳስበን ይገባ ነበር። ፌስታል ያስቀይማል፤ እርሳስ ግን የሕፃን አእምሮ ይጎዳል።

በትብብር ተሠርቶ የተሳካ ነገር የለም?

አለ። ሙሉ በሙሉ ባይሳካም የምወደው ምሳሌ የባዮጋዙ ነው።

በ2009 የአፍሪካ ባዮጋዝ አጋርነት መርሐ ግብር የሚባል ሥራ በኔዘርላንድስ ገንዘብ ተጀመረ። ከዘለቁበት አገሮች መካከል ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያና ቡርኪና ፋሶ አሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው። እበት ከውሃ ጋር ተበጥብጦ መሬት ውስጥ የተሠራ ጉድጓድ ይገባል። ጋዙ ምድጃ ያነድዳል። የሚወጣው ቅሪት ማሳ ላይ ማዳበሪያ ይሆናል።

ለኢትዮጵያ ገበሬ ይህ የቆየ ችግር ይፈታል። እበቱን ኩበት አድርጎ ካነደደው መሬቱ ይራባል። መሬቱ ላይ ከበተነው ምድጃው ይጠፋል። በባዮጋዝ ሁለቱንም ያገኛል።

ንድፎቹ ራሳቸው የጉዞ ታሪክ አላቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተስፋፋው «ስንዱ» የተባለው ከኔፓል ንድፍ ተሻሽሎ የወጣ ነው። ኬንያ ያሉት ደግሞ አሩሻ፣ ታንዛኒያ ውስጥ የተቀረጸውን አሻሽለው ተጠቀሙ። ግንበኞች ሠለጠኑ፤ አንዱ አገር የተሳሳተውን ሌላው እያየ አስተካከለ። እኔ ትብብር የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

ያልተሳካውስ? ብዙ ጉድጓድ ቆሟል። ቧንቧ ሲሰበር፣ የምድጃው ቫልቭ ሲበላሽ መለዋወጫው ወረዳ ላይ የለም። የገነባው ሰው ሄዷል። ደግሞ ቢያንስ አራት ከብትና ቅርብ ውሃ ይፈልጋል፤ ያ ያለው ገበሬ ድሃው አይደለም። መለዋወጫውን እንኳ አምስቱ አገሮች በአንድ መጠን ቢሠሩት ለአንድ ቫልቭ ፋብሪካ በቂ ገበያ ይሆን ነበር።

ቆሻሻ ለቅመው የሚኖሩ ሰዎች በዚህ ሁሉ የት አሉ?

መሀል መሆን ነበረባቸው። ብዙ ጊዜ ግን የሚታዩት አደጋ ሲደርስ ነው።

በማርች 11 ቀን 2017 ቆሼ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ከክምሩ ሥር ቤት ቀልሰው የሚኖሩ፣ ከክምሩ ለቅመው የሚበሉ ነበሩ። በኦገስት 2024 ካምፓላ ውስጥ ኪቴዚ የሚባለው ቆሻሻ መጣያ ከዝናብ በኋላ ተናደና ከ30 በላይ ሰው ገደለ። በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት አለ። ከቆሼ የተማርነውን ለካምፓላ የነገረ ሰው ነበር ይሆን? እጠራጠራለሁ።

የሁለቱም ከተማ ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው፤ የአትክልት ልጣጭ፣ የምግብ ትራፊ፣ ቅጠል። ክምሩን የሚያከብደው፣ ውሃ የሚይዘው፣ ጋዝ የሚፈጥረው ይኸው ነው። ከምንጩ ተለይቶ ኮምፖስት ቢሆን ክምሩ በግማሽ ያንስ ነበር። ለዚህ ውድ ማሽን አያስፈልግም።

አዲስ አበባ የመረጠችው ሌላ መንገድ ነው። በኦገስት 2018 የረጲ ማመንጫ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው። ኤሌክትሪክ ማመንጨቱ ጥሩ ነው። ግን እርጥብ ልጣጭ በደንብ አይነድም። በደንብ የሚነደው ወረቀትና ፕላስቲክ ደግሞ ለቃሚው ሊሸጠው የሚፈልገው ነው። እቶኑና ለቃሚው የሚሻሙት አንድ ነገር ነው ማለት ነው። ጎረቤት ከተሞች እንዲህ ያለ ማቃጠያ ከመግዛታቸው በፊት መጥተው ቢያዩና ቢጠይቁን ደስ ይለኛል።

«አምራቹ ይክፈል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጠርሙሱን የሸጠው ድርጅት ጠርሙሱን ለመሰብሰብም ያዋጣ ማለት ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፔትኮ የተባለው የአምራቾች ድርጅት በ2004 በፈቃደኝነት ጀመረ። በ2021 ደግሞ መዋጮው በሕግ ግዴታ ሆነ። ኬንያዎቹ ያንኑ ዓይነት ድርጅት በ2018 አቋቋሙ፣ በ2022 ደግሞ ግዴታ የሚያደርግ ሕግ አወጡ። ለቆራሌው ይህ ምን ያደርግለታል? የፕላስቲክ ዋጋ ከነዳጅ ዋጋ ጋር ይወርዳል። ሲወርድ ቆራሌው ጠርሙስ መልቀም ይተዋል። መዋጮው ያን ጊዜ ዋጋውን ይደግፋል። ይሠራል፤ ግን መዋጮ የማይከፈልበት ጎረቤት አገር ካለ ርካሹ ጠርሙስ ከዚያ ይመጣል። ተመለስን ወደ ፌስታሉ ታሪክ።

ትንሽ ድርጅት አለኝ። ከጎረቤት አገር ጋር መሥራት ብፈልግ ከየት ልጀምር?

ከገዢው ጀምሩ። መጀመሪያ ሰብስቦ በኋላ ገዢ መፈለግ መጋዘን ሙሉ ዕዳ ያስታቅፋል። ገዢው የሚፈልገውን ጥራት በጽሑፍ አስልኩ፤ ቀለሙን፣ እርጥበቱን፣ የባዕድ ነገር መጠኑን።

ቀጥሎ ዕቃችሁ በሕግ ዓይን ምን እንደሆነ እወቁ። ከ2021 ጀምሮ በባዝል ስምምነት መሠረት ንጹሕ፣ በዓይነቱ የተለየና በእርግጥ ለሪሳይክል የሚሄድ ፕላስቲክ፣ ለምሳሌ የውሃ ጠርሙስ ብቻ፣ ቀለል ባለ አሠራር ያልፋል። የተደባለቀና የቆሸሸ ፕላስቲክ ግን የተቀባዩን አገር ስምምነት ይጠይቃል። ስለዚህ አጥቦና ለይቶ መላክ ጥራት ብቻ ሳይሆን ወራት ያተርፍላችኋል። ቆርጣችሁ ፍሌክ አድርጋችሁ ከላካችሁ ደግሞ በአንድ መኪና የሚጫነው ይበዛል።

ሦስተኛ፣ ናሙና ላኩና ከዚያ አንድ መኪና ብቻ። የመጀመሪያው መኪና የሚያሳያችሁን ማንም አማካሪ አይነግራችሁም፤ ኬላ ላይ ስንት ቀን እንደሚያድር፣ የትኛው ወረቀት እንደጎደለ፣ የውጭ ምንዛሪው መቼ እንደሚገባ። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ከመኪናው በፊት ያዙ።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። አሮጌ ላፕቶፕና ስልክ ሰብስቤ ወደ አገር ቤት ብልክ ጥሩ ነው?

የሚሠራ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። የማይሠራ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በሕግም በእውነትም ቆሻሻ ነው የላካችሁት። ከመላካችሁ በፊት እያንዳንዱን አስነሥታችሁ ፈትኑ፤ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚይዝ ጻፉበት፤ ቻርጀሩን አብራችሁ አሥሩ፤ እንዳይጋጭ ጠቅልሉ። በጥቅል ሲላክ ዕቃውን ከቆሻሻ የሚለየው ይኸው ነው፤ መፈተኑ፣ ሰነዱና አስተሻሸጉ። እዚህ ያሉ ጠጋኞች ጎበዞች ናቸው፤ ስክሪን ይቀይራሉ፣ ሰሌዳ ይበይዳሉ። ግን ለአምስት ላፕቶፕ አምስት ዓይነት ቻርጀር ማፈላለግ ሰው ያማርራል። ከቻላችሁ አንድ ዓይነት ሞዴል ሰብስቡ። አንዱ ሲሞት ለሌሎቹ መለዋወጫ ይሆናል።